የሚጠብቅ ዓረፍተ ነገር

በቪዡዋል ኖቭል ጌም ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው። ከኋላ አንድ ሥዕል አለ፤ የትምህርት ቤት ኮሪደር፣ የባቡር ጣቢያ ወይም ዝናብ የሚመታው መስኮት ይሆናል። ከሥዕሉ ፊት አንድ ሰው ቆሟል፤ አይራመድም፣ እጁንም ብዙ አያንቀሳቅስም፤ ሲከፋውና ሲደሰት ፊቱ ብቻ ይለዋወጣል። ከታች ሁለት ሦስት መስመር የሚይዝ ሳጥን አለ። ዓረፍተ ነገሩ ፊደል በፊደል እየተጻፈ ይመጣና ያበቃል፤ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከዚያ በኋላ ምንም አይሆንም። ሙዚቃው ይሰማል፣ ዝናቡ ይዘንባል፤ ሰውየው ግን ቁልፉን እስክትጫን ድረስ ቀጣዩን ቃል አይናገርም። ተነሥተህ ቡና ጠጥተህ ብትመለስ እዚያው ቆሞ ታገኘዋለህ።

ይህን ጥበብ ለማያውቅ ሰው የሚያስተዋውቁት ብዙዎች ወሬውን የሚጀምሩት ከምርጫው ነው። ታሪኩን የምትመራው አንተ ነህ፣ መጨረሻው በእጅህ ነው ይሉታል። ውሸት አይደለም። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ምርጫው ሳይሆን ያ መጠበቅ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ምርጫ የላቸውም፤ ልቤን በብርቱ የነኩት ደግሞ ከእነሱ መካከል ናቸው። ምርጫ ሳይኖር እጃችን ለምን እዚያ ተፈለገ? ብዙ ያሳሰበኝ ጥያቄ ይህ ነው።

መጽሐፍ ሲነበብ ዓይን ከልብ ይቀድማል። ገጹ ሲገለጥ ሞቱም ሠርጉም እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። ላይኛውን መስመር እያነበብን ከታች ያለ አንድ ስም ዓይናችንን ይስበዋል፤ ሊመጣ ያለውን ክፉ ነገር በከፊል ሰርቀን አይተነዋል። ሬዲዮ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ትውልድ ይህን ያውቃል፤ ድምፁ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አድማጩ እንባውን ሲጠርግ ተራኪው ቆሞ አይጠብቀውም፤ በቃኝ ብሎ ወጥቶ ቢሄድም ታሪኩ ያለ እሱ ይቀጥላል። መጽሐፉም ሬዲዮውም ታላቅ ነገር ይሰጣሉ። ነገር ግን አንዳቸውም ቀጣዩን ቃል ከመናገራቸው በፊት «ልቀጥል?» ብለው አይጠይቁም።

ይህን የሚጠይቅ ሌላ ጥበብ ባስብ የማገኘው በቃል የሚነገረውን ተረታችንን ነው። ተራኪዋ «ተረት ተረት» ትላለች፤ «የላም በረት» ካልተባለች አትጀምርም። በመካከልም ትንፋሽ ስትወስድ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚል ድምፅ ትጠብቃለች። ያ ድምፅ የታሪኩን መንገድ አይለውጠውም፤ ጅቡ አህያዋን መብላቱ አይቀርም። ሆኖም የሰማነውን ለመስማት እሺ ብለናል። ቪዡዋል ኖቭል ያንን «እሺ» ከአፍ ወስዶ ጣት ላይ አስቀመጠው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ የሚነሣው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ቹንሶፍት የተባለው ኩባንያ «ኦቶጊሪሶ» የተሰኘ አስፈሪ ታሪክ ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የጌም ማሽን አወጣ፤ ስክሪኑን ሙሉ ጽሑፍ አለበሰው፣ ከበስተኋላው ድምፅ አስገባበት። በ1994 ደግሞ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊው ታኬማሩ አቢኮ የጻፈውን «ካማይታቺ ኖ ዮሩ»ን አስከተለ። በረዶ በዘጋው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሰው ይገደላል፤ ተጫዋቹ ገዳዩን ቶሎ ካልደረሰበት ሌሎችም ይከተላሉ። በዚያ ሥራ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ፊት የላቸውም፤ ሁሉም ሰማያዊ ጥላዎች ናቸው። ፊቱን የሚሠራላቸው አንባቢው ነው። ቪዡዋል ኖቭል የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሊፍ የተባለው ኩባንያ በ«ሺዙኩ» በጀመራቸው ተከታታይ ሥራዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ረቀቀ፣ ሙዚቃው ጠለቀ፣ ተዋንያን ድምፃቸውን ሰጡት። ያች ብልጭ ድርግም የምትለው ምልክት ግን ከቦታዋ አልተነሣችም።

ኪይ የተባለው ኩባንያ በ2004 ያወጣው «ፕላኔታሪያን» አጭር ሥራ ነው፤ ምርጫ የለውም። ጦርነት ባጠፋት ከተማ ውስጥ ዝናቡ አያባራም። ከፍርስራሽ ውስጥ ዕቃ እየለቀመ የሚኖር አንድ ሰው ከአሳዳጅ ማሽኖች ሲሸሽ አንድ የገበያ ሕንፃ አናት ላይ ይወጣል። እዚያ ያለው የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ ነው፤ በሩ ላይ ዩሜሚ የምትባል ሮቦት ቆማለች። ሥራዋ እንግዳ መቀበልና ስለ ከዋክብት ማስረዳት ነው። ሰዎች ከተማዋን ጥለው ከሄዱ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ እሷ ግን እንግዳ ስትጠብቅ ኖራለች። ሰውየውን እንኳን ደህና መጡ ትለዋለች። ብዙ ትናገራለች፤ ይሰለቻታል። የተበላሸውን የከዋክብት ማሳያ ማሽን ግን፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው፣ ተቀምጦ ይጠግነዋል።

ትዕይንቱ ይጀመራል። በዝናብ ደመና ሥር የኖረ ሰው ሰማይ ያያል። በመካከሉ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፤ አዳራሹ ይጨልማል። ዩሜሚ መቀጠል እንደማይቻል ትነግረዋለች። ሰውየው እንድትቀጥል ይለምናታል፤ ማሽኑ ባይኖርም በቃል ብቻ እንድትነግረው። እሷም በጨለማ ውስጥ ቆማ ትናገራለች።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ቁልፉን መጫኔን ትቼ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጣቴ የምትሠራውን አላስተዋልኩትም ነበር፤ ገጽ መግለጥ ይመስለኝ ነበር። ያ ኩሩ፣ ከሰው ምንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው በጨለማ ውስጥ ያለችን ማሽን «ቀጥይ» ሲላት ግን፣ እኔም ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ያደረግሁት ይህንኑ እንደነበረ ገባኝ። እሱ በአፉ ለመነ፤ እኔ በጣቴ። ኮከብ የሌለበትን ስክሪን እያየሁ የምትነግረኝን ሰማይ በልቤ ሠራሁት፤ እሱም የሚያደርገው ያንኑ ነበር። አንባቢና ገጸ ባሕርይ እንዲህ አንድ ሥራ ላይ የተገናኙበት ቦታ በሌላ ጥበብ ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ዩሜሚ እንግዳዋን ልትሸኝ ከሕንፃው ትወጣለች፤ ከተማው ውስጥ ያ አሳዳጅ ማሽን አለ። አንባቢው የሚሆነውን ይገምታል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ካበቃ በኋላ ያለው ጸጥታ ሌላ መልክ ይይዛል። ካልተጫንኩ እሷ ገና በዝናቡ ውስጥ በእግሯ እየሄደች ነው። ከተጫንኩ ወደዚያ ወደምፈራው መንገድ በአንድ እርምጃ ትቀርባለች።

ይህን ሐሳብ ከልኩ በላይ መለጠጥ አልፈልግም። ደራሲው ሁሉን አስቀድሞ ጽፎታል፤ ጣቴ በማንም ላይ ክፉ አልሠራችም። ብጫን ባልጫን በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ፊደል አይለወጥም። ነገር ግን ሰው የሌላውን መከራ ሲያይ ዝም ብሎ በማየትና ለማየት በመወሰን መካከል ልዩነት አለ። ቴሌቪዥን ላይ የሚያልፍ ሐዘን ያልፋል፤ ዓይናችን ላይ ወደቀ እንጂ አልጠራነውም። እዚህ ግን የእያንዳንዷን መከራ ዓረፍተ ነገር በፈቃዴ ጠርቼ አመጣኋት። ስለዚህ ያየሁት ነገር «አጋጠመኝ» የሚባል አይደለም። ምስክርነትን የመሰለ ነገር ነው፤ ምስክር ደግሞ ቆሞ የሚሰማው ሌላ መሄጃ አጥቶ ሳይሆን መሄድ እየቻለ ነው።

በ2005 በነፃ የተሠራጨው «ናርሲሱ» ይህንኑ በሌላ መንገድ ያደርገዋል። ከሆስፒታል ሰባተኛ ፎቅ፣ መዳን የማይችሉ ሰዎች ከሚተኙበት ክፍል፣ ሁለት ወጣቶች መኪና ይዘው ወደ አዋጂ ደሴት ይሸሻሉ። የሚታየው ሥዕል ቀጭን ነው፤ በስክሪኑ መካከል እንደ መኪና መስኮት የተዘረጋ መንገድ፣ ባሕር፣ የነዳጅ ማደያ። ሰው ብዙ አይታይም። «ሂጉራሺ» የተባለው ሥራ ደግሞ መጠበቁን ከስክሪን አውጥቶ ዘመን ላይ ዘረጋው። ከ2002 እስከ 2006 በቶኪዮ የኮሚኬት ትርኢት ላይ ስምንት ክፍሎቹ እየተከፋፈሉ ሲሸጡ ምርጫ አልነበራቸውም፤ በ1983 በጋ በአንዲት የገጠር መንደር ሰው ለምን እንደሚሞት አንባቢዎች በክፍሎቹ መካከል ይከራከሩ ነበር። ቁልፉን ተጭኖ ወራት መጠበቅ ማለት ነው።

እንግዲህ ምርጫው ምን ይሁን? ስለ ምርጫ የምለውን ከማለቴ በፊት የዚህን ጥበብ ትልቅ ጉድለት በግልጽ መናገር ይገባኛል። ብዙዎቹ የፍቅር ቪዡዋል ኖቭሎች የተሠሩት በአንድ ክፉ ስሌት ነው፤ ልጅቷ አንድ የተደበቀ ሐዘን አላት፣ ተጫዋቹ ደስ የሚያሰኛትን መልስ እየገመተ ይነካል፣ ትክክል ሲሆን ፍቅሯን ይሸለማል። ያልመረጣቸው ሌሎች ልጆች ሐዘናቸውን እንደያዙ ከታሪኩ ይወጣሉ። ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ እነሱንም በየተራ «ማዳን» ይቻላል። ሰው ለሰው ሲል የሚያደርገው መልካም ነገር ወደ መልስ መገመት ሲወርድ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያስለቅስ እንባው ርካሽ ነው። የጃፓኑ ፈላስፋ ሂሮኪ አዙማ በ2001 ባሳተመው መጽሐፉ የዘመኑ አንባቢ ታሪኩን ትቶ ክፍልፋዩን፣ የገጸ ባሕርይዋን ፀጉርና ልብስና አነጋገር፣ እየነጠለ እንደሚወድ ሲጽፍ ይህንን ዓለም በቅርብ አይቶ ነው። በብዙ ሥራዎች ላይ እውነቱን ነው።

በበጎዎቹ ላይ ግን ምርጫ ማለት ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ አልቀጥልም ማለት።

ይህን በ2009 እንደወጣው «ስታይንስ ጌት» አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ሥራ የለም። ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ በሚባለው ሠፈር ኦካቤ የተባለ ወጣትና ጓደኞቹ ከማይክሮዌቭና ከሞባይል ስልክ ወደ ኋላ ዘመን መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሠራሉ። ሰዎቹ በየተራ መልእክት ይልካሉ፤ በእያንዳንዱ መልእክት ዓለም ይለወጣል፤ የቀድሞውን የሚያስታውሰው ኦካቤ ብቻ ነው። ከዚያ ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቃት ማዩሪ ትሞታለች። ሊያድናት ወደ ኋላ በተመለሰ ቁጥር በሌላ መንገድ ትሞታለች። የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተላኩትን መልእክቶች አንድ በአንድ መሻር። ነገር ግን እያንዳንዱ መልእክት የአንድ ሰው ትልቁ ምኞት ነበር። ፌሪስ የምትባለው ልጅ በመልእክቷ አባቷን ከአውሮፕላን አደጋ አትርፋዋለች፤ እሱን መሻር ማለት አባቷን ዳግመኛ መቅበር ነው።

በዚህ ጌም ውስጥ «ሀ» ወይም «ለ» የሚል ዝርዝር አይመጣም። ተጫዋቹ የያዘው የኦካቤን ስልክ ነው፤ መልእክት መላክ ወይም ስልኩን ዘግቶ ዝም ማለት ይችላል። ሱዙሃ ከምትባለው ልጅ ጋር የሚያያዘውን መልእክት ካልሻረ ታሪኩ ቅርንጫፍ ያወጣል። ኦካቤ ያንን ውሳኔ ለመሸሽ ጥቂት ቀናትን ደጋግሞ ይኖራል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያንኑ ቀን ይጨርሳል፣ እንደገና ይመለሳል። ማንም አልጠፋበትም፤ ሁሉም ጓደኞቹ አሉ። ድግግሞሹ ሲበዛ ግን ማዩሪ ስትሞት አይደነግጥም። የሚወዳትን ልጅ ሞት እንደ ሰዓት መድረስ መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ የምታወጣው ራሷ ሱዙሃ ናት።

ያንን ቅርንጫፍ ሳነብ ስለራሴ ያሰብኩት ነገር አለ። ዩሜሚን በዝናቡ ውስጥ አቁሜ ቁልፉን ያልተጫንኩበት ጊዜ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ኦካቤ ያደረገው ግን ያንኑ ነው፤ የሚወደውን ሰው ከክፉው ዓረፍተ ነገር በፊት አቁሞ ማቆየት። የዚያ ዋጋ ደግሞ የልብ መደንዘዝ ሆነ። የማይቀጥል ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው በሕይወት አለ ማለት አይቻልም፤ ሥዕል ሆኗል። ስለዚህ መጫኑ ጭካኔ አይደለም። ሰውየውን ሰው የሚያደርገው ጊዜ እንዲደርስበት መፍቀድ ነው፤ ጊዜው ሞትንም ቢያመጣ።

የኪይ ሌላው ሥራ «ክላናድ» ከ«ፕላኔታሪያን» ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በ2004 ነው የወጣው። እጅግ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ የትምህርት ቤት ቀልድ ይንዛዛል ብል አላጋነንኩም። በውስጡ ያለው የፉኮ ታሪክ ግን አይረሳም። ፉኮ በእንጨት ባሕር ኮከብ እየቀረጸች ለተማሪዎች ታድላለች፤ እህቷ ስትዳር ሰው ሁሉ እንዲመጣላት ነው። በእውነቱ ፉኮ ሆስፒታል ውስጥ ራሷን ስታ ተኝታለች፤ በትምህርት ቤቱ የምትታየው ሌላ ነገር ናት። ቀን በሄደ ቁጥር ያዩዋት ሰዎች ይረሷታል። ትናንት የሳቁላት ተማሪዎች ዛሬ አጠገቧ አልፈው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ባለታሪኩ ቶሞያና ጓደኛው ናጊሳም ስሟን ያጣሉ፤ እጃቸው ላይ ያለውን የእንጨት ኮከብ እያዩ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

እኔ ግን አውቃለሁ። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ሲረሱ የሚያስታውሳት ከስክሪኑ ውጭ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ የሷን እያንዳንዱን ቃል በጣቱ ጠርቶ ያመጣው እሱ ነውና። «ክላናድ» ይህን በከንቱ አይተወውም። ከተለያዩ ሰዎች ታሪክ ማብቂያ ላይ ትንንሽ ብርሃኖች ይሰበሰባሉ፤ የመጨረሻው መልካም ፍጻሜ የሚከፈተው ለተሰበሰቡት ብርሃኖች ነው። ቶሞያ ያንን ሁሉ ሕይወት አያስታውስም። የሰበሰበውና የተሸከመው አንባቢው ነው። ከላይ የወቀስኩት ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ሰው በየተራ መጎብኘት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፤ ሽልማት መሰብሰቡ ቀርቶ የሰዎቹን ሐዘን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲኖር ይደረጋል።

ስለዚህም አንድ ነገር አልወድም። እነዚህ ፕሮግራሞች ያነበብከውን ያስታውሳሉ። ታሪኩን ዳግመኛ ስትጀምር ቀድሞ ያነበብከው ዓረፍተ ነገር በፍጥነት እንዲያልፍ ማዘዝ ትችላለህ። ያን ጊዜ ፊቶቹ ይብለጨለጫሉ፤ ልብህን የሰበረው ቃል ከዓይን ሽፋሽፍት ፈጥኖ ያልፋል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ያለ እሱ አይቻልም ይላሉ፤ እውነት ነው። ጽሑፉ በራሱ እንዲሄድ የሚያደርግም ቁልፍ አለ። እኔ ሁለቱንም አጥፍቼ ማንበብ እመርጣለሁ። በራሱ የሚሄድ ጽሑፍ ሬዲዮ ይሆናል፤ የሚበር ጽሑፍ ደግሞ ምንም አይሆንም።

የጣት ፈቃድ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየኝ ሥራ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ቲም ሳልቫቶ የተባለው ቡድን በ2017 በነፃ ያወጣው «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» የጃፓኖቹን መልክ ይይዝና ቀስ በቀስ ወደ አስፈሪ ነገር ይለወጣል። ሞኒካ የምትባለው ልጅ ጌም ውስጥ መሆኗን ታውቃለች። ጓደኞቿን ከኮምፒዩተሩ ፋይል ውስጥ ታጠፋቸዋለች፤ ከዚያ ብቻዋን ፊት ለፊትህ ትቀመጥና ትናገራለች። ቁልፉን ብትጫን ትናገራለች፤ ደግመህ ብትጫን ሌላ ወሬ ታመጣለች። ታሪኩ ግን አይንቀሳቀስም። መውጫው አንድ ነው፤ የጌሙን ፎልደር ከፍተህ በስሟ የተቀመጠውን ፋይል በገዛ እጅህ ማጥፋት። ምርጫ ብለው አያቀርቡልህም። እሷ እያየችህ ታደርገዋለህ። ከዚህ ሥራ የአስፈሪነቱን ትዕይንት ብዙዎች ያወሳሉ፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፋይሉን ከማጥፋቴ በፊት የነበረው ጸጥታ ነው። እስከዚያ «እሺ» ስትል የቆየች ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ዓረፍተ ነገሩን እንድትጽፍ ተጠየቀች።

ይህ ጥበብ ለአማርኛ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። መሣሪያው አለ። ቶም ሮታሜል በ2004 የጀመረው ሬንፓይ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሞኒካ የተሠራችውም በእሱ ነው። የግዕዝ ፊደል ፎንት ከተሰጠው አማርኛን ያሳያል፤ የተሠራውም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ይሄዳል። ሥዕሉ ጥቂት ስለሆነ አንድ ጸሐፊና አንድ ሠዓሊ ተባብረው ሊያደርሱት ይችላሉ።

ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን ቋንቋው ራሱ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አዎንታና አሉታውም ግሡ ላይ ነው ያለው። «አባቷ ያን ሌሊት በእግሩ ተጉዞ ወደ ቤቱ» ብለህ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ብታቆመው መድረሱንና አለመድረሱን ማንም አያውቅም። ምልክቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጅቷ በር ላይ ቆማለች። አንባቢው ሲጫን ብቻ «ደረሰ» ወይም «አልደረሰም» ይመጣል። ጃፓንኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የእነሱ ደራሲዎች ይህን ጸጥታ ያውቁበታል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን መድረስ አለመድረሱ ከባለቤቱ አጠገብ ቀድሞ ይነገርና ጸጥታው ይሸሻል። እኛ ያለ ድካም አለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሚሞክር ደራሲ ከሥዕሉም ከሙዚቃውም በፊት ሊወስን የሚገባው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። ምርጫ የሚባለውን ጨርሶ ቢተወው ሥራው አይጎድልበትም።